የጌድ መልክ፤ ስለ «ምድረ ባሕር» መጻሕፍትና ስለ አንባብያን የቴሌቪዥን ተስፋ

አንድ አንባቢ የወደደውን መጽሐፍ ጨርሶ ከከደነው በኋላ፥ ያነበበውን ሁሉ አንድ ጊዜ በዐይኑ ለማየት መመኘቱ የተለመደ ነገር ነው። የቀድሞ ሰዎች የሰሙትን ታሪክ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተሥሎ ለማየት ይሹ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተነሡት በቴአትር መድረክ ላይ፥ ከእነርሱም በኋላ የመጡት በሲኒማ ሸራ ላይ ለማየት ፈለጉ። ቴሌቪዥን በየቤቱ ከገባ ወዲህ ደግሞ፥ የረዣዥም ታሪኮች አፍቃሪዎች የሚወዱት መጽሐፍ በክፍል በክፍል ተዘጋጅቶ፥ ማታ ማታ ከቤታቸው ሳይወጡ እንዲታይላቸው ይጠብቃሉ። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው እንዲህ ስላለው ተስፋ ነው። መጽሐፉ የአሜሪካዊቱ ደራሲ የኡርሱላ ለግዊን «ኧርዝሲ» ሲሆን፥ ስሙን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «ምድረ ባሕር» ሊባል ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ኡርሱላ ለግዊን በ1929 በካሊፎርንያ በበርክሊ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው አልፍሬድ ክሮበር የሕዝቦችን ባህልና ልማድ በሚመረምረው ትምህርት ስማቸው የታወቀ፥ በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዘመን ያስተማሩ ሊቅ ነበሩ። እናታቸው ቴኦዶራ ክሮበርም ደራሲ ሲሆኑ፥ በ1961 ኢሺ ስለ ተባለ ሰው የጻፉት መጽሐፍ በብዙዎች ዘንድ ተነቧል። ይህ ኢሺ በካሊፎርንያ ይኖሩ ከነበሩት የአገሬው ተወላጆች መካከል የያሂ ወገን የመጨረሻው ሰው ነበር። ወገኖቹ በነጭ ሰፋሪዎች እጅ ከተገደሉና ከተበተኑ በኋላ፥ በ1911 ብቻውን ከተራራ ወርዶ ኦሮቪል በምትባል ከተማ ተገኘ፤ ከአምስት ዓመትም በኋላ ሞተ። እውነተኛ ስሙን ለማንም አልተናገረም፤ በወገኖቹ ልማድ ሰው የራሱን ስም በራሱ አፍ ለእንግዳ አይገልጥምና። «ኢሺ» ብለው የጠሩት አልፍሬድ ክሮበር ናቸው፤ ትርጓሜውም በያሂ ቋንቋ «ሰው» ማለት ብቻ ነው። የልጃቸው ልብ ወለድ ከዚህ ታሪክ የተቀዳ ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን ስለ ስም ክብርና ስለ ጠፉ ሕዝቦች እንዲህ ያለ ዕውቀት ከተከማቸበት ቤት የወጣ ሰው፥ ልብ ወለድ ሲጽፍ ጀግናውን ሁሉ ከአንድ ዘር ባይመርጥ ሊያስደንቀን አይገባም።

ለግዊን በ1964 በምድረ ባሕር ደሴቶች የሚፈጸሙ ሁለት አጫጭር ታሪኮችን «ፋንታስቲክ» በሚባል መጽሔት ላይ አወጡ። በ1967 በበርክሊ የነበረው የፓርናሰስ ማተሚያ ቤት ባለቤት ኸርማን ሻይን፥ ዕድሜያቸው ከፍ ላለ ልጆች የሚስማማ መጽሐፍ እንዲጽፉለት ጠየቃቸው። ከአንድ ዓመት በኋላ በ1968 የመጀመሪያው መጽሐፍ «የምድረ ባሕር አስማተኛ» ታተመ።

«አስማተኛ» የሚለውን ቃል የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በምድረ ባሕር ዓለም፥ እንስሳም ሆነ ድንጋይ፥ ማዕበልም ሆነ ሰው፥ ፍጥረት ሁሉ በጥንቱ ቋንቋ አንድ እውነተኛ ስም አለው፤ ያን ቋንቋ ዘንዶዎች እንደ እናት ቋንቋቸው ይናገሩታል፤ ሰዎች ግን በብዙ ድካም ይማሩታል። የነገሩን እውነተኛ ስም ያወቀ በነገሩ ላይ ሥልጣን አለው። ስለዚህ ሰው ሁሉ እውነተኛ ስሙን ከሚያምናቸው ጥቂት ሰዎች በቀር ለማንም ሳይገልጥ፥ በሌላ የመጠሪያ ስም ይኖራል። እንግዲህ «አስማት» የምንለው ቃል በግእዝ «ስም» ለሚለው ቃል ብዙ ቍጥር መሆኑን ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ደራሲዋ ለእንግሊዝኛ አንባቢ በብዙ ገጽ ያስረዱትን ነገር፥ ቋንቋችን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ይዞት ኖሯል። ስሙን አውቆ ክፉ እንዳያደርግበት ፈርቶ፥ የክርስትና ስሙን ለማያውቀው ሰው የማይነግር ሰውም በአገራችን ጥቂት አልነበረም፤ ዛሬም አይታጣም። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ወደዚህ መጽሐፍ ሲገባ፥ ሌላው አንባቢ እንደ እንግዳ ደራሽ የሚያየውን ሥርዓት እርሱ እንደ ጎረቤት ልማድ ያውቀዋል።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ጎንት በምትባል ተራራማ ደሴት፥ ዱኒ የሚባል የነሐስ አንጥረኛ ልጅ ነበር። ካርጎች የተባሉ ወራሪዎች መንደሩን ሊዘርፉ በመጡ ጊዜ፥ ልጁ በተማረው ጥቂት ጥበብ ጉም ጠርቶ መንደሩን ሸሸገ። ይህን የሰማው ጠቢቡ ኦጊዮን መጥቶ በዐሥራ ሦስተኛ ዓመቱ እውነተኛ ስሙን «ጌድ» ብሎ ሰጠው፤ ሰዎች ግን «ጭልፊት» እያሉ ይጠሩት ነበር። ከዚያም ወደ ሮክ ደሴት ሄዶ በጠቢባን ትምህርት ቤት ሲማር፥ ከጓደኛው ጋራ በተፎካከረበት ሌሊት በትዕቢት ተነሣሥቶ ከሙታን ወገን መንፈስ ጠራ፤ በተከፈተውም ቀዳዳ ስም የሌለው ጥላ ወጥቶ ጣለው። ጌድ ከጥላው ለረዥም ጊዜ ሲሸሽ ከኖረ በኋላ፥ በመጨረሻው ዞሮ ጥላውን ያሳድድ ጀመር፤ በዓለም ዳር ባሕር ላይ በተገናኙም ጊዜ፥ በገዛ ስሙ ጠራውና አንድ ሆኑ። በአገራችን የሰውን ጥላ በመውጋት ባለቤቱን ይጎዳል ተብሎ የሚፈራ «ጥላ ወጊ» የሚባል ነገር አለ። በዚህ መጽሐፍ ግን ወጊው ጥላው ራሱ ነው፤ ተወጊውም ባለቤቱ። በመጨረሻው ምዕራፍ የሚገደል ጠላት የለም፤ የሚሸነፍም ሠራዊት የለም።

ይህ ብቻ ቢሆን መጽሐፉን ለማስወደድ ይበቃ ነበር። የአንባብያንን ተስፋ ከሌሎች መጻሕፍት አንባብያን ተስፋ የለየው ግን የሰዎቹ መልክ ነው። በዚያ ዘመን በእንግሊዝኛ የሚጻፉት የምናብ ታሪኮች ጀግኖቻቸውን ከሰሜን አውሮፓ ሰዎች መልክ ይቀዱ ነበር፤ ጥቍር መልክ ያለው ሰው ከታየም፥ ከሩቅ ምሥራቅ ወይም ከደቡብ የመጣ የጠላት ወታደር ሆኖ ነው። ለግዊን ይህን አውቀው ገለበጡት። ጌድ እኛ ቀይ ዳማ የምንለው ዐይነት መልክ ያለው ሰው ነው፤ ደግና ታማኝ ወዳጁ ቬች ጥቍር ነው፤ የደሴቶቹም ሕዝብ አብዛኛው ቀይ ዳማ፥ ጠይምና ጥቍር ነው። ነጭ ቆዳና ብጫ ጠጕር ያላቸው፥ በመጀመሪያው ምዕራፍ መንደር የሚያቃጥሉት ካርጎች ናቸው። ደራሲዋም ይህን ነገር ነጋሪት እየጐሰሙ አልተናገሩም። አንባቢው ከልጁ ጋራ ተራራ ወጥቶ፥ ፍየል ጠብቆ፥ ፈርቶና ኰርቶ ልቡን ከሰጠው በኋላ፥ የልጁ መልክ እንደ ዋዛ በአንድ ቃል ይነገረዋል። ነጭ አንባቢ ይህን ባስተዋለ ጊዜ ወደ ኋላ ሊመለስ አይችልም፤ አስቀድሞ ጌድን ሆኗልና። ለግዊን እንዲህ ያደረጉት ሆን ብለው መሆኑን በኋላ ራሳቸው ገልጠዋል። በእኔ አስተያየት በመጽሐፉ ውስጥ ካለው ጥበብ ሁሉ የበለጠው ይህ ነው።

የመጀመሪያውን እትም ሽፋን የሣሉት ሩት ሮቢንስ የጌድን መልክ በሚገባ ጠብቀውት ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት አሳታሚዎች ግን ብዙዎቹ ነጭ ልጅ አሥለው አወጡት። ደራሲዋ ስለዚህ ነገር ደጋግመው ቢከራከሩም፥ በሽፋን ጉዳይ ላይ የሚወስነው አሳታሚው እንጂ ደራሲው ስላልሆነ ክርክራቸው ብዙ ጊዜ ሰሚ አላገኘም። በዚያው ዘመን ነጭ ካልሆኑ አንባብያን የሚደርሳቸው ቃል ሌላ ነበር። እነዚህ አንባብያን፥ በልጅነታቸው እንዲህ ያሉትን ታሪኮች ቢወዱም ለራሳቸው ቦታ አግኝተውባቸው እንደማያውቁ፥ ይህን ያገኙት በምድረ ባሕር መጻሕፍት መሆኑን ይነግሯቸው ነበር። ስለዚህ «መጽሐፉ በሥዕል ቢታይ» የሚለው ምኞት ከመጀመሪያው ሁለት ወገን ነበረው። አንዱ ወገን ዘንዶው በባሕር ላይ ሲበር ለማየት ይመኛል፤ ሌላው ወገን ደግሞ ከዘንዶው ጋራ የሚነጋገረው ሰው ራሱን መስሎ እንዲታይ ይመኛል።

ሁለተኛው መጽሐፍ «የአቱዋን መቃብሮች» በ1971፥ ሦስተኛው «የመጨረሻው ዳርቻ» በ1972 ታተሙ፤ ሦስተኛው በ1973 የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት በልጆች መጻሕፍት ዘርፍ አገኘ። ከዚያ ለዐሥራ ስምንት ዓመት ያህል ዝም ካሉ በኋላ «ቴሃኑ»ን በ1990፥ «ከምድረ ባሕር የተገኙ ታሪኮች»ንና «ሌላው ነፋስ»ን በ2001 አወጡ።

ወደ ሲኒማ የማምጣቱ ሐሳብ ቀደም ብሎ ተነሥቶ ነበር። የታወቁት የእንግሊዝ ሲኒማ አዘጋጅ ማይክል ፓወል፥ ከደራሲዋ ጋራ ሆነው የመጀመሪያዎቹን ሁለት መጻሕፍት አጣምረው ለሲኒማ የሚሆን ድርሰት ጻፉ፤ ገንዘብ የሚያወጣ ስላልተገኘ ግን በወረቀት ቀረ። ፓወል በ1948 «ቀዩ ጫማ» የተባለውን ፊልም ከሠሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ስለ ነበሩ፥ ያ ድርሰት ወደ ሥራ ሳይገባ መቅረቱ ያሳዝነኛል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሃያዎ ሚያዛኪ የተባሉ ጃፓናዊ የሥዕል ፊልም አዘጋጅ ፈቃድ ጠየቁ። ለግዊን በዚያን ጊዜ የሰውየውን ሥራ ስለማያውቁና የሥዕል ፊልም ሲባል የሚታያቸው የዲዝኒ ሥራ ብቻ ስለ ነበር፥ አይሆንም ብለው መለሱ። ከብዙ ዓመት በኋላ የሚያዛኪን «ጎረቤቴ ቶቶሮ» ባዩ ጊዜ ግን ሐሳባቸውን ለወጡ። የእንግሊዝ የራዲዮ ድርጅት ቢቢሲ በ1996፥ ኋላም በ2015 ታሪኩን በራዲዮ አሰምቷል። ራዲዮ አንድ መልካም ጠባይ አለው፤ የማንንም መልክ አያሳይምና የሰሚው ምናብ እንደ ተጻፈው ይሥላል።

ከ2001 በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በዚያ ዓመት የቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» የመጀመሪያ ክፍልና የሃሪ ፖተር የመጀመሪያ ፊልም በሲኒማ ታይተው እጅግ ብዙ ገንዘብ ስላስገቡ፥ የአሜሪካ ፊልም ሠሪዎች ሁሉ አስማትና ዘንዶ ያለበትን መጽሐፍ መፈለግ ጀመሩ። ሳይ ፋይ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ በ2000 «ዱን» የተባለውን የፍራንክ ኸርበርት መጽሐፍ በተከታታይ ክፍል አሳይቶ ብዙ ተመልካች አግኝቶ ስለ ነበር፥ ምድረ ባሕርንም እንዲሁ ለማድረግ ተነሣ። ሥራውን የያዙት የሆልማርክ ኢንተርቴይንመንት አዘጋጅ ሮበርት ሃልሚ ነበሩ። ለደራሲዋ የተነገራቸውም ደስ የሚያሰኝ ነበር፤ የቶልኪንን መጽሐፍ ለሲኒማ ከጻፉት መካከል አንዷ የሆኑት ፊሊፓ ቦየንስ ድርሰቱን እንደሚጽፉት ሰምተው፥ መብቱን በዚህ ተስፋ ሰጡ።

እዚህ ላይ የውሉን ጠባይ መናገር ያስፈልጋል፤ አንባቢ ብዙ ጊዜ ደራሲውን የሚወቅሰው ይህን ባለማወቅ ነውና። መጽሐፍን ለፊልም የሚፈልግ ድርጅት መጀመሪያ ጥቂት ገንዘብ ከፍሎ፥ መብቱ ለተወሰነ ጊዜ ለሌላ ሳይሸጥ እንዲቆይለት ያደርጋል፤ ሥራው ከተጀመረ ዋናውን ዋጋ ይከፍላል። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ታሪኩን የመለወጥ፥ ሰዎቹን የመቀነስና የመጨመር፥ ተዋናይም የመምረጥ ሥልጣን የገዢው ነው። ለለግዊን በውሉ ላይ የተሰጣቸው ቦታ «አማካሪ» የሚል ነበር። ይህ ስም ሲነበብ ክብር ያለው ይመስላል፤ አማካሪው ምክሩን እንዲጠየቅ ግን ማንንም አያስገድድም። ቦየንስ በሥራው ውስጥ ሳይኖሩ ቀሩ፤ ድርሰቱን ሌላ ሰው ጻፈው። ደራሲዋ ድርሰቱን አይተው አሳባቸውን ለማቅረብ በሞከሩ ጊዜ፥ ሥራው ሊለወጥ ከማይችልበት ደረጃ ደርሶ ነበር።

ፊልሙ በካናዳ በቫንኩቨር አካባቢ ተነሥቶ፥ በ2004 በዲሴምበር ወር ከ13ኛው ቀን ጀምሮ በሁለት ምሽቶች ታየ። አዘጋጁ ሮበርት ሊበርማን ነበሩ። በጌድ ቦታ የቆመው ሾን አሽሞር የተባለ ነጭ ወጣት ነው። ከዋናዎቹ ሰዎች መካከል ጥቍር መልክ ያላቸው፥ ኦጊዮንን ሆነው የሠሩት ዳኒ ግሎቨር ብቻ ነበሩ። ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት ቀይ ዳማ፥ ጠይምና ጥቍር ተብሎ የተጻፈ የደሴት ሕዝብ በሁለት ምሽት ነጭ ሆነ።

ሌላውም ለውጥ ቀላል አልነበረም። የጌድ እውነተኛ ስምና የመጠሪያ ስሙ ተገለባብጠው፥ «ጌድ» ማንም የሚጠራው ስም፥ «ጭልፊት» ግን የተሰወረው ምስጢር ሆነ። ታሪኩ በሙሉ የቆመው በስም ላይ መሆኑን ያየ ሰው፥ ይህ ስሕተት ከምን እንደ መጣ ለመገመት ይቸግረዋል፤ መጽሐፉን እስከ ሁለተኛው ምዕራፍ ያነበበ ሰው አይሳሳተውምና። በመጽሐፉ ውስጥ በጨለማ መቃብር ስም ለሌላቸው ኀይሎች ባሪያ ሆና ያደገችው፥ በኋላም ነጻነቷን በገዛ እጇ የምትመርጠው ቴናር፥ በፊልሙ የደጋግ መነኵሲቶች ተማሪ ሆነች፤ ከጌድ ጋራም የፍቅር ታሪክ ተጨመረላት። ዓለምን ሊገዛ የሚፈልግ ክፉ ንጉሥም ተፈጥሮ ጠላት ሆነ። ሰው ከገዛ ጥላው ጋራ የሚያደርገው ትግል፥ ጀግናው ክፉውን ወደሚያሸንፍበት ወደ ተለመደው ታሪክ ተመለሰ።

ፊልሙ ከመታየቱ አስቀድሞ አዘጋጁ በመጽሔት ላይ በሰጡት ቃል፥ ለመጻሕፍቱ ታማኝ እንደ ሆኑ ተናግረው፥ የደራሲዋ ሐሳብ ምን እንደ ነበረም አብራርተው ነበር። ለግዊን ዝም ቢሉ በአፋቸው ያልተናገሩት ቃል በስማቸው ተመዝግቦ እንደሚቀር ስላዩ፥ በኖቬምበር ወር መልስ ጻፉ፤ በሥራው ውስጥ ሳይኖሩበት ስለ ሐሳባቸው ሌላ ሰው እንዳይናገርላቸው አስጠነቀቁ። ፊልሙ በታየ በሳምንቱ ውስጥ ደግሞ «ስሌት» በተባለው መጽሔት ላይ ስለ ሰዎቹ መልክ ብቻ የሚናገር ጽሑፍ አወጡ። የጽሑፉ ርእስ ምድረ ባሕር በኖራ ተለቅልቃ ነጭ መሆኗን የሚያመለክት ነበር። ስለ ታሪኩ መበላሸት ከመናገር ይልቅ ስለ መልኩ መናገርን የመረጡት ለምን እንደ ሆነ መረዳት አያስቸግርም። ታሪኩ ቢበላሽ መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ አለ፤ የፈለገ ያነበዋል። መጽሐፉን ያላነበበ፥ መልኩም እንደ ጌድ የሆነ ልጅ ግን፥ በቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ያ ታሪክ የእርሱም እንደ ነበረ የሚነግረው ሰው አያገኝም።

የተዋናይ ምርጫ በችሎታ እንጂ በቆዳ ሊሆን አይገባም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በጎ አነጋገር ነው፤ ሆኖም ችሎታ ብቻ መዝኖ የመረጠ ሰው፥ ጥቍር ሕዝብ በተጻፈበት መጽሐፍ ውስጥ ነጭ ብቻ ማግኘቱ የሚዛኑን ነገር ያጠራጥራል። ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርም የሚያደርገው በ2022 የሆነው ነው። በቶልኪን ዓለም ላይ የተመሠረተው «የኀይል ቀለበቶች» የተባለው የቴሌቪዥን ታሪክ በዚያ ዓመት ሲጀመር፥ ጥቂት ጥቍርና ጠይም ተዋንያን በመታየታቸው «መጽሐፉ ተጣሰ» የሚል ታላቅ ጩኸት ተነሥቶ፥ ተዋንያኑም ብዙ ስድብ ተቀበሉ። በ2004 መጽሐፉ በግልጥ የጻፈው መልክ ሲሻር ግን፥ ደራሲዋና ታማኝ አንባቦቻቸው ካሰሙት ድምፅ በቀር እንዲህ ያለ ጩኸት አልተሰማም።

የጃፓኑ ፊልም በ2006 በጁላይ ወር ወጣ። ለግዊን መብቱን የሰጡት ታላቁ ሚያዛኪ ራሳቸው ይሠሩታል በሚል እምነት ነበር፤ አዘጋጅ የሆነው ግን ልጃቸው ጎሮ ሚያዛኪ ሲሆን፥ ፊልም ሲያዘጋጅ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ደራሲዋ አይተው ለወጣቱ በትሕትና የመለሱለት፥ ፊልሙ መልካም ቢሆንም መጽሐፋቸው እንዳልሆነ የሚገልጥ ቃል ነበር። በኋላም በሰፊው በጻፉት አስተያየት፥ ክፋት ሁሉ በአንድ መጥፎ ሰው ላይ ተጭኖ እርሱ ሲጠፋ ነገሩ መፈታቱ የመጻሕፍታቸውን ልብ እንደ ሳተ አመለከቱ። ስለ መልክም፥ ጃፓናውያን ሥዕሉን የሚያዩበት ዐይን ከአሜሪካውያን ዐይን የተለየ ሊሆን እንደሚችል በማሰብ ፍርዳቸውን አለዘቡ። የውሉም ነገር እዚህ እንደ ገና ታየ፤ በአሜሪካ መብቱን ሳይ ፋይ ይዞት ስለ ነበር፥ ደራሲዋ ራሳቸው የፈቀዱት ፊልም በገዛ አገራቸው ለሕዝብ የታየው ከአራት ዓመት በኋላ በ2010 ነው።

ሁለት ጊዜ ያዘነ አንባቢ ሦስተኛ ጊዜ ይመኛል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው፤ ሆኖም ምኞቱ አልቀረም። ከ2011 እስከ 2019 የታየው «የዙፋኖች ጨዋታ»፥ ረዥም የምናብ ታሪክ በቴሌቪዥን ጊዜ ተሰጥቶት ሊነገር እንደሚችል ስላሳየ፥ የብዙ መጻሕፍት አንባብያን ተስፋ እንደ ገና ተነሣ። ለምድረ ባሕር ይህ ጊዜ የማግኘት ነገር ከሌሎቹ ይልቅ ያስፈልገዋል። ጌድ በሮክ የስሞችን መምህር ፊት ተቀምጦ የእያንዳንዱን ወሽመጥና የእያንዳንዱን ቅጠል ስም ሲያጠና የሚያሳልፈው ክረምት፥ ወይም ከኦጊዮን ጋራ በዝናብ ውስጥ ያለ ቃል የሚሄድበት መንገድ፥ በሦስት ሰዓት ፊልም ውስጥ መጀመሪያ የሚቈረጥ ነገር ነው፤ መጽሐፉ ግን ያለው በዚያ ነው። በ2018 ጄኒፈር ፎክስ የተባሉ የፊልም አዘጋጅ መብቱን መያዛቸው ተነገረ፤ ለግዊንም ከመሞታቸው በፊት ለዚህ ሐሳብ ፈቃዳቸውን ሰጥተው ነበር። በ2019 ደግሞ ኤይ ትዌንቲ ፎር የተባለው ድርጅት ከፎክስ ጋራ ሆኖ በቴሌቪዥን ተከታታይ ታሪክ ሊያደርገው ማሰቡ ታወቀ። ዜናው በወጣ ጊዜ፥ የ2004ን ፊልም የሚያስታውስ አንባቢ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ ስለ ዘንዶዎቹ አልነበረም፤ ጌድን ማን ይሆናል የሚለው ነበር።

ዜናው ከተሰማ ዓመታት አልፈዋል። በዚህ መካከል አንባቢ በእጁ የያዘው አንድ ነገር አለ። ሠዓሊው ቻርልስ ቬስ ከለግዊን ጋራ አራት ዓመት ያህል ሲሠሩ ቆይተው፥ የምድረ ባሕር መጻሕፍት በአንድ ጥራዝ ሲሰበሰቡ ከ50 የሚበልጡ ሥዕሎች አዘጋጁ። ሠዓሊው በእርሳስ የነደፉትን ይልካሉ፤ ደራሲዋ ይመለከቱታል፥ ያርማሉ፥ ይመልሳሉ፤ በተለይ ስለ ዘንዶው ቅርጽ ብዙ ተመላልሰዋል። ከ2004 በፊት በቴሌቪዥኑ ሥራ ያልተሰጣቸውን የምክር ቦታ፥ በዚህ ሥራ ሙሉ በሙሉ አገኙት። ለግዊን በጃንዋሪ 22 ቀን 2018 በፖርትላንድ ከተማ በቤታቸው በ88 ዓመታቸው ሞቱ፤ ጥራዙም የመጀመሪያው መጽሐፍ በታተመ በሃምሳኛው ዓመት፥ በዚያው 2018 በኦክቶበር ወር ወጣ። በዚያ ጥራዝ ላይ ጌድ፥ የጎንት የነሐስ አንጥረኛ ልጅ፥ በ1968 እንደ ተጻፈው ሁሉ ቀይ ዳማ ነው።